አስተማሪ ያልተመደበለት ክኒን

ምክትሏ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበረች። አምስት ዋናዎች ተሾመው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ ተሸኝተው ሲሄዱ እሷ ምክትል እንደሆነች ቀረች፤ ስሟም እዚያው ተውጦ ቀረ። ተማሪው ምክትሏ ይላታል፣ ጎረቤቱ ምክትሏ ይላታል፣ ባሏ እንኳ ሲያቆላምጣት "ምክትልዬ" ነው የሚላት። የዋናው ሥራ ስብሰባ መክፈትና ስብሰባ መዝጋት ነበር። የእሷ ሥራ በመሃል ያለው ነገር ሁሉ ሲሆን፣ ከሁሉም ራስ የሚያዞረው የክፍለ ጊዜ ድልድል ማውጣት ነበር።

ድልድሉን የምትሠራው ግድግዳ በሚያህል ሰሌዳ ላይ ነው። ሰባ ሁለት መምህራን፣ ለእያንዳንዳቸው በየቀለሙ የተቆረጠ ካርድ። አንዱ ጠዋት ልጅ ስለሚያደርስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይፈልግም፣ ሌላዋ ከምሳ በኋላ ድምጿ ይዘጋል፣ ሁለቱ ደግሞ ተኳርፈው አንድ ኮሪደር ላይ መተላለፍ አይሹም። ስለዚህ ምክትሏ ሁልጊዜ የምትጀምረው ከመምህሩ ስም ነበር። ትምህርቱ ኋላ ይመጣል። "ሒሳብ መጥቶ አይጨቀጭቀኝም፤ የሚጨቀጭቀኝ የሒሳብ መምህሩ ነው" ትል ነበር። በዚህ ዘዴ ሃያ ስድስት ዓመት ከሰው ሳትጣላ ኖረች።

ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። ዕድሜ ልኳን ደወል ስታስደውል የኖረችን ሴት በምን እናስደስታት ብለው ኮሚቴ አቋቁመው፣ ሦስት ጊዜ ተሰብስበው የደረሱበት ሐሳብ ነው። ምክትሏ አመስግና ተቀበለች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ቤቷ ገብታ ሰዓቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ከብርድ ልብስ ሥር ወሸቀችው።

ሌላ ዕቅድ ነበራታ። ባሏ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን መንገድ ሁሉ በየሣጥኑ ሲወረውር ከግማሽ በላዩን በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ለጡረተኛ ደግሞ ከተማው ነፃ የአውቶቡስ ካርድ ይሰጣል። እናም ባልና ሚስት ጠዋት ጠዋት ዳቦና ፍራፍሬ በከረጢት ይዘው አንድ ቁጥር ይመርጣሉ፣ መነሻው ላይ ይሳፈራሉ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ይወርዳሉ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይመለሳሉ። ሥራቸው ይኸው ነው። ሰውዬው በመስኮት እያየ እንደ ልጅ ይደሰታል። "ይሄ ነው እንዴ! እዚህ ሰፈር እኮ ሰው ሲጻጻፍ አይጣል ነበር!" ይላል። በሌላ ቀን ደግሞ፣ "እዚህ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ለአሥር ዓመት የላከችው ደብዳቤ ሁሉ ተመላሽ ሆኗል" ይላል። ምክትሏ በሕይወቷ እንዲህ ተደስታ አታውቅም። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሌላው ዓለም ሁሉ አለቃ እየፈራ ሳለ፣ አውቶቡስ ላይ ዳቦ መግመጥ!

ከተማው ሠላሳ አራት መስመር አለው። አሥራ አንዱን እንደጨረሱ ካንሰሩ ተመለሰ።

ከሰባት ዓመት በፊት ጡቷ ላይ ወጥቶ ተቆርጦ፣ ታክሞ፣ ዳንሽ ተብላ ነበር። አሁን ጉበቷ ላይ ነው። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ የምትረሳ አጭር ሐኪም ፎቶውን መብራት ላይ ለጥፋ አሳየቻት።

"አይጠፋም። አልዋሽዎትም" አለች ሐኪሟ። "ግን በዚህ ክኒን ይታሰራል። በቀን አንድ፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ምንም ሳይዘሉ። አብረውት ይኖራሉ።"

"እስከ መቼ?"

"ዓመታት ሊሆን ይችላል። ክኒኑን ከወሰዱ።"

ምክትሏ የቀራቸው ሃያ ሦስት መስመር ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በልቧ አሰበች። ይበቃል። ከበቃም በላይ ይተርፋል። ከዚያ ሆስፒታል ስትወጣ ከሞላ ጎደል ደህና ነበረች ማለት ይቻላል።

ወሬው ቤተ ዘመድ ውስጥ ሲገባ ግን ሁሉም ሐኪም ሆኖ አደረ።

ቀድማ የደረሰችው ታላቅ እህቷ ናት። የጁስ መፍጫ ማሽን፣ አንድ ኩንታል የሚመስል ካሮትና ቀይ ሥር ታክሲ ላይ ጭና መጣች። ካንሰር የሚበላው ስኳር ብቻ ነው ብላ ቤቱ ውስጥ ያለውን ስኳር በሙሉ ሰብስባ ወሰደች፤ ካንሰር የሌለበት ባልም ለትብብር ሲባል ሻይውን መራራ ይጠጣ ጀመር። ይህ አልበቃ ብሏት ሌላ ከተማ ካለ አንድ አዋቂ ዘንድ ዱቄት አስመጣች። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ሽታው የረጠበ ጫማ ነው። የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ምንም ነገር አፍ አይገባም። አዋቂው ስንት ሰው አድኗል ሲባል፣ ቁጥር የለውም ይባላል። እውነትም ቁጥር አልነበረውም።

ቀጥሎ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታላቅ ወንድም መጣ። ይህ ሰው ሲጋራ ካቆመ ሁለት ወሩ ነው፤ ስለዚህ ስለ ሳንባ የማያውቀው ነገር የለም። ስልኩ ላይ ባየው ቪዲዮ በሽታ ሁሉ የሚመጣው ሰው አተነፋፈስ ባለማወቁ መሆኑን ደርሶበታል። ምክትሏን ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ "ሳቢ! ያዢ! ያዢ! ልቀቂ!" እያለ እንደ ወታደር አሠልጣኝ ይጮህባታል። ስድሳ አንድ ዓመት ስትተነፍስ የኖረችው ሁሉ ስህተት ነበር ማለት ነው።

ከጎረቤት ደግሞ ልብስ ሰፊዋ በነጭ ሽንኩርት የተነጠረ ዘይት ይዛ ትመጣና የውስጥ እግሯን ታሽላታለች። መርዙ በውስጥ እግር ነው የሚወጣው። ማስረጃውም ዘይቱ ከታሸ በኋላ መጥቆሩ ነው። የማንም እግር ቢታሽበት ዘይቱ እንደሚጠቁር ለልብስ ሰፊዋ የሚነግራት ሰው አልተገኘም።

ለምን አልከለከለቻቸውም? ታምንበት ነበር ወይ ቢሏት አዎ አትልም። አታምንም ነበር ወይ ቢሏትም አፏን ሞልታ አዎ አትልም። አንዲት "ምናልባት" የምትል ነገር ልቧ ውስጥ ተለጥፋ ነበር፤ የሐኪሟ "አይጠፋም" አላላቀቃትም። ደግሞም እነዚህ ሰዎች ይወዷታል። የሚወድ ሰው ብርጭቆ ይዞ በር ላይ ሲቆም ምን ይባላል?

አንድ ሰኞ ጠዋት ሦስቱም እኩል ደረሱ። እህቷ በቀይ ሥር የተሞላ ብርጭቆ ይዛ፣ ዋርሳዋ ምንጣፉን ጠቅልሎ፣ ልብስ ሰፊዋ እጇን ዘይት ቀብታ። ሦስቱም ቅድሚያ ይገባኛል አሉ። "ሳንባው ሳይከፈት ጁስ ምን ሊያደርግ?" ሲል ዋርሳዋ፣ እህቷ "የአንተን ሳንባ ድሮ በሲጋራ ስትጠብሰው አይተናል" አለችው። በግፊያው ብርጭቆው ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

ምክትሏ በዚህ ጊዜ ደሟ ፈላና ሄዳ የድሮ ባለቀለም ካርዶቿን አወጣች። ማሾፏ ነበር። ለእህቷ ቀይ፣ ለዋርሳዋ ሰማያዊ፣ ለልብስ ሰፊዋ ቢጫ። ሰባት ቀን፣ በቀን ስድስት ክፍለ ጊዜ። መጀመሪያ ስም ጻፈች፣ ከስሙ ሥር የሚሰጠውን ነገር ጻፈች፣ አንዱ ካንዱ እንዳይጋጭ አድርጋ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰካካች፣ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ስቀው ያፍራሉ ብላ ጠበቀች።

ማን ሊያፍር! ሦስቱም እንደ ሹመት ደብዳቤ ተቀበሉት። እህቷ ጠዋት በባዶ ሆድ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለደረሳት ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ዋርሳዋ ከምሳ በኋላ በመሆኑ ቅር ብሎት፣ ተማሪዋ በዚያ ሰዓት ታንቀላፋለች ሲል ቅሬታ አቀረበ። በሦስተኛው ቀን ከልብስ ሰፊዋ ጋር በስምምነት ተለዋውጦ መጣ፤ ምክትሏም ካርዱን ነቅላ ሰካች። ሰው በሠራበት ይታመማል። በሳምንቱ መጨረሻ ቤቱ እንደ ትምህርት ቤት ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር፤ ዘግይቶ የሚመጣ የለም፣ የሚቀር የለም።

እናም ጡረታ የወጣችው ሴት በሥራ ዘመኗ እንኳ ያልነበራትን ያህል ሥራ በዛባት። ጠዋት ዱቄት፣ ቀጥሎ ጁስ፣ ቀጥሎ ዘይት፣ ቀጥሎ ሳቢ ልቀቂ። ባሏ በየጠዋቱ ባርኔጣውን አድርጎ፣ የአውቶቡስ ካርዱን በኪሱ ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆማል።

"ዛሬስ?" ይላል።

ምክትሏ ፍሪጁን ታያለች። "ሐሙስ ላይ ግማሽ ሰዓት አለችኝ።"

በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ መስመር ከተማው ውስጥ የለም። ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ይሰቅልና መራራ ሻይውን ሊጠጣ ይቀመጣል። አንድ ቀን እንኳ አላጉረመረመም። ከእሱ የሚገኝ ቅሬታ ስለሌለ ምክትሏም ነገሩን ነገሬ አላለችውም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ፋርማሲስት ናት። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ እየሠራች በየወሩ አንድ እሑድ ቀን የእናቷን ክኒን ይዛ ትመጣለች። ያን እሑድም መጣች፣ ወላጆቿን ሳመች፣ አዲሱን ጠርሙስ ልታስቀምጥ የመድኃኒቱን መሳቢያ ሳበች። ከዚያ አሮጌውን ጠርሙስ አንስታ ነቀነቀችው።

"እማዬ፣ ይሄ ያለፈው ወር ነው?"

"የቱ?"

"ሠላሳ ነበር የሰጠሁሽ።" ልጅቷ ክዳኑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው። "ሃያ ሰባት አለ።"

"ሊሆን አይችልም" አለች ምክትሏ። ከልቧ ነው ያለችው። ተነስታ ወደ ፍሪጁ ሄደች፤ የት ላይ እንደመደበችው ልታሳያት። ቀዩን በጣቷ ተከተለች። ሰማያዊውን ተከተለች። ቢጫውን ተከተለች። እንደገና ከላይ ጀመረች። ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ፣ አንድም ቦታ ላይ ክኒን አልነበረም። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚለው ቦታ ላይ ቀይ ካርድ ተለጥፏል፤ ከሥሩም በሚያምር የእጅ ጽሑፍ "ዱቄት" ተብሎ ተጽፏል።

ምክትሏ እንደ ልማዷ ከስም ነበር የጀመረችው። ክኒኑ ስም ያለው፣ በር የሚያንኳኳ፣ የሚያኮርፍ አምጪ አልነበረውም። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል እንኳ ያለ መምህር ቢቀር ተማሪዎቹ ጮኸው ግቢውን ቀውጢ ያደርጉት ነበር። ክኒኑ አልጮኸም። ጉበቷም አልጮኸም።

"ሰው እንዴት ለሽንኩርት ቦታ ሰጥቶ መድኃኒቱን ይረሳል?" አለች ልጅቷ። "እንዴት?"

"ሽንኩርቱ ባለቤት አለው" አለች ምክትሏ። ልትቀልድ ነበር፤ ቀልዱ ግን አፏ ውስጥ ደረቀባት። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሐኪሟ ፎቶውን ካሳየቻት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፈራች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "እኔም እኮ ድልድሉ ላይ የለሁም" አለ ቀስ ብሎ። "በመጀመሪያው ቀን ራሴን ፈልጌ ነበር። ሥራ በዝቶባት ነው ብዬ ተውኩት።"

ምክትሏ ቀና ብላ አየችው። ሠላሳ አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ፍሪጅ ላይ ስሙን ሲፈልግ ታያት። ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ እሱ ግን ቀድሟት ውሃ ቀድቶ አንዱን ክኒን እጇ ላይ አስቀመጠላት።

በሚቀጥለው ሳምንት ሆስፒታል ሄዳ ጉበቷን ፎቶ ተነሳች። ሐኪሟ መነጽሯን ፈልጋ ፈልጋ ፀጉሯ ላይ አገኘችውና ሁለቱን ፎቶዎች አስተያየች።

"አድጓል" አለች። "ብዙ አይደለም፤ ግን አድጓል።"

"ክኒኑን ስለተውኩት ነው?"

"ሊሆን ይችላል። ባይተዉትም ያድግ ይሆናል። ይሄን ማንም ሊነግርዎት አይችልም።" ይህ "ማንም" የሚለው ቃል፣ ሁሉን ነገር ከሰው ስም ለምትጀምረው ለምክትሏ፣ ከስድብ ሁሉ የከፋ ነበር። "ዛሬውኑ ይመለሱበት። በሁለት ወር እንደገና እናየዋለን። እስከዚያ ግን ሌላ የሚወስዱት ነገር ካለ ሁሉንም ይንገሩኝ፤ አልቆጣም።"

ምክትሏ ድልድሉን ከቦርሳዋ አወጣች። ሐኪሟ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብዙ ጊዜ አነበበችው። ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

"ይሄን ዱቄት ዛሬ ያቁሙ። ውስጡ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ጉበትዎ ግን ሊያውቀው ይችላል።" በእስክሪብቶ ሰረዘችው። "ጁሱ... ካሮት ካሮት ነው። ከክኒኑ ራቅ አድርገው ይጠጡት፤ እስካልጠሉት ድረስ ብቻ። እግር ማሸቱ ደስ ይልዎታል?"

"በጣም" አለች ምክትሏ፤ እውነቷን ነው።

"እንግዲያው ይታሹ፤ ሽንኩርቱ ይቅር። መተንፈሱንም" አለች ሐኪሟ ኮስተር ብላ፣ "መተንፈሱን እንዲቀጥሉ እመክራለሁ።"

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ሳሎን ተሰበሰቡ። ምክትሏ ክኒኑን፣ ፎቶውንና ሐኪሟ ያለችውን አንድ ባንድ ነገረቻቸው። ንግግሯን አዘጋጅታለች፤ ሁለት ሦስት የሚቆረቁሩ ዐረፍተ ነገሮችም ደብቃ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ቀለል አድርጋ ተቀበለችው። ዋርሳዋ አንድ ቪዲዮ ላሳይሽ ብሎ ስልኩን አወጣ፣ ወንድሙ ዓይኑን በዓይኑ ሲያየው መልሶ ከተተው፤ ምክትሏ "ጋሼ፣ መተንፈሱ ጸድቋል" ስትለው ደግሞ ፊቱ በራ። ሁለቱ ተሰናብተው ወጡ።

እህቷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። እናታቸው ስትሞት ምክትሏ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አብልታ፣ አጥባ፣ አስተምራ ያሳደገቻት ይህች ሴት ናት። ባዶውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ ወለሉን ታያለች።

"በእኔ ዱቄት ነው" አለች። "የክኒኑን ሰዓት የወሰድኩት እኔ ነኝ።"

"የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ነገ ሌላ አመጣለሁ። ሌላ አዋቂ አለ፣ ይሄኛው ከክኒን ጋር አይጣላም አሉኝ፤ ቅጠል ነው..."

"እትዬ፣ በቃ። ምንም አታምጪ።"

"ምንም?" እህቷ ብድግ አለች። ሰባ ዓመት የሞላት ሴትዮ ብርጭቆውን ደረቷ ላይ አቀፈችው። "ታዲያ እኔ ምን ልሁን? እጄን አጣጥፌ ስትሞቺ ልይሽ?"

በዚህ ቤት ይህ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ካሮቱም፣ ዘይቱም፣ ሳቢ ልቀቂውም፣ ባለቀለሙ ካርድም ሁሉ ይህች ቃል እንዳትወጣ ሲሯሯጡላት የከረሙ ናቸው። ምክትሏ የደበቀቻቸውን የሚቆረቁሩ ዐረፍተ ነገሮች ፈለገቻቸው፤ አንዳቸውም አልመጡላትም።

"አዎ" አለች። "እጅሽን አጣጥፊ። ግን እዚያ ሆነሽ አይደለም። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።"

እህቷ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መጥታ ተቀመጠች። ሦስት ጊዜ ልትነሳ ሞከረች፤ አንዴ መስኮቱን ልትዘጋ፣ አንዴ ውሃ ልታመጣ፣ አንዴም ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳታውቀው። ሦስቱንም ጊዜ ምክትሏ ቀሚሷን ይዛ መለሰቻት። በአራተኛው አልተነሳችም፤ ራሷን ምክትሏ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

"ፈራሁ እኮ" አለች።

"እኔም" አለች ምክትሏ።